ዘንድሮስ ገዳዩ ከየት ነው?

ለምሳሳልሽ እማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልብሽስ እንዴት ነው፤ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያደክምሻል? መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጪ እንጂ፣ እባክሽ! የላክሽው የፕሪም ማርማላታ ደርሶኛል፤ ብቻዬን ጨረስኩት። እኔ ንዴቱ ካልገደለኝ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት አልላክሁትም። ጎረቤቴ ትራውደ ወዳንቺ ወደ ኤርፈርት ስለምትመጣ በእጇ ታደርስልሻለች። አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ስለ መጽሐፌ ጠይቀሽኝ ነበር። ወይ እማዬ፣ ምኑን ልንገርሽ! እስካሁን የጻፍኳቸው ነፍሰ ገዳዮች ሁሉ ከምዕራብ ጀርመን የመጡ ናቸው፤ እዚህ እኛ ምሥራቅ ጀርመን ሌላ አይፈቀድማ። አንባቢው የውጭ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ገና ብቅ ሲል «ይኸው ገዳዩ!» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። ትራውደማ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ዘንድሮስ ገዳዩ ከየት ነው? ከሃምቡርግ ነው ከሙኒክ?» እያለች ታሾፍብኛለች።

ስለዚህ ዘንድሮ ወገቤን ጠበቅ አድርጌ እውነት የሚመስል ነገር ጻፍኩ። የቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ስርቆቱ እንዳይታወቅበት ዘበኛውን ይገድላል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጽፌ አላውቅም፤ ስጽፈው እኔው ራሴ ፈርቼ በሬን እቆልፍ ነበር። የኅትመት ፈቃድ ሰጪው ጓድ ሪመር ግን አስጠርቶኝ፣ የሕዝብ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሰው አይገድልም አለኝ። ቢበዛ ዕቅዱን ነው የሚገድለው ልለው ብዬ ምላሴን ነከስኩ። እሺ ሒሳብ ሹሙ ይሁን ስለው፣ የፓርቲ አባል ነው አለ። ሾፌሩስ ስለው፣ ወዛደር ነው አለ። ታዲያ ዘበኛው ራሱን ነው እንዴ የገደለው ብዬ ጮህኩበት! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እኮ ነው፣ እማዬ።

ሰውየው አልተቆጣም። ሻዩን እያማሰለ «ወንድምዎ ኤክሃርት ምዕራብ ጀርመን፣ ሃኖቨር ነው ያለው፣ አይደል? አገሩን ጥሎ የኮበለለ ወጣት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቃል?» አለኝ። ቀጥሎ ስለ አንቺ አነሳ። ልብሽ እንደሚያምሽ፣ ጡረታ እስክትወጪ ድንበር መሻገር እንደማትችይ፣ ለኤክሃርት ሠርግ ብለሽ ያስገባሽው ማመልከቻ እንዳልተመለሰ፣ ሁሉንም ያውቃል። እናትዎ ጥሩ ሴት ናቸው አለኝ። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን ዘግቼ፣ ገዳዩን ለውጬ መጽሐፉን እንደገና ስጽፍ ከረምኩ። ትራውደ የተለመደውን ስትጠይቀኝ ፊቴን አዙሬ ደረጃውን ወረድኩ፤ ተቀይማኛለች መሰለኝ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። የሠርጉ ፈቃድሽ ወጥቷል፤ ሰሞኑን ይጠሩሻል። ማን ነገረሽ አትበይኝ። ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ፤ ኤክሃርትን አቅፈሽ ሳሚልኝ፣ በእኔም ፈንታ ደግመሽ ሳሚው። መጽሐፉም ይታተማል ተብሏል። ሲወጣ እንደ ወትሮው ለጎረቤት አታሳዪ፤ አንቺም አታንብቢው። ኤክሃርት ምን እየጻፈች ነው ብሎ ከጠየቀሽ፣ በፈጠረሽ፣ እህትህ መጻፍ ትታለች በይው።

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልኝ፤ መንገድሽን ያቅናው፤ ሙሽሮቹን ይባርክ።

ልጅሽ፣ የኤክሃርት እህት