ወንዱ ዓሣ የወለደ ዕለት

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15
የዓሣ ገንዳውን ጨው ለካሁ። ደህና ነው። ሙቀቱም ደህና። አንደኛው ፓይፕፊሽ፣ እባብ መሳዩ የባሕር ዓሣ፣ በላ፤ ሌላው ጥግ ይዟል። እርሳስ ነው የሚያህለው፤ ሆዱ ሥር ጤፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነገሮች ተለጥፈውበታል። በሽታ? ጅቡቲ የሚመላለሰው ጓደኛዬ ስንት ተጉላልቶ ያመጣልኝ ጥንድ! አባዬ ዞር ብሎም አላየ። ከሆሳዕና መጥቶ ሲ.ኤም.ሲ እኔ ጋ ከገባ ዓመቱ ነው፤ ዛሬም «እባቦችሽ» ይላቸዋል።

የካቲት 5፣ ምሳ ሰዓት፣ መ/ቤት
በሽታ አይደለም። እንቁላል ነው። ተሸካሚው ደግሞ ወንዱ! ኢንተርኔት ላይ ሦስቴ አነበብኩት። ሴቷ ትጥልበታለች፣ እሱ እስኪፈለፈሉ ይሸከማል። የቢሮ ጓደኛዬ ውሸታም አለችኝ።

ማታ 1፡00
ለአባዬ ነገርኩት። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ወንዱ? ብቻውን? እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። ወንበሩን ወደ ገንዳው ሳበ።

የካቲት 14፣ ዓርብ
አባዬ ከገንዳው አይነሳም። የቤ/ክ ሰዎች እንጦጦ ፓርክ እንሂድ ቢሉት እምቢ አለ። ምን ነካው?

የካቲት 22፣ ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት
ተፈለፈሉ! እንደ ክር የቀጠኑ፣ አርባ ይሆናሉ። ጮህኩ። አባዬ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

10 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ በቅደም ተከተል ልጻፈው።
የዓሣ ጫጩቶቹ ምግብ ለሁሉም አይበቃም። ግማሾቹን መገናኛ ዓሣ ለሚያረባ ሰው ልሰጥ ነው አልኩ። አባዬ ብድግ አለ።
«አትለያያቸው።»
ሳቅሁ። «የሚያበላቸው ካገኘን ምን ችግር አለው አባዬ?»
«እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ።»
ተቀመጠ። እናቴ እኔን ስትወልድ መሞቷን አውቃለሁ።
«ሁለት ነበራችሁ» አለኝ።
ወንድም። መንታ። የጎረቤት ጡት ለአንድ እንጂ ለሁለት አልበቃም። ልጅ ያልወለዱ አስተማሪና ሚስቱ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ ወሰዱት። ለምን እሱን? አልኩት።
«በሕይወት የሚተርፈውን ሰጠሁ። አንቺ የምትሞቺ መስሎኝ ነበር። እቅፌ ላይ ትሙት ብዬ አስቀረሁሽ።»

የካቲት 23፣ እሑድ
ቸርች አልሄድኩም። ሠላሳ አራት ዓመት! ሠላሳ አራት! የገንዳውን መስታወት ሁለቴ ወለወልኩ። አባዬን አላናገርኩትም። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልበላም። እኔም።
ከሰዓት በኋላ ስሙን ጠየቅሁ። ታምራት። የት እንዳለስ? ያውቃል! ቀበና፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለው። አባዬ አምና አፈላልጎ አገኘው፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አይቶት ተመለሰ። በታክሲ ቅርብ ነው! ለምን አልገባህም? ብዬ ጮህኩበት።
«ምን ብዬ ልግባ ልጄ?»
ኮቱን አውጥቼ መተኮስ ጀመርኩ።

የካቲት 24፣ ሰኞ፣ 2፡40
አሥራ አንድ ጫጩቶች ሞተዋል። የቀሩትን አበላሁ። ከሥራ አስፈቀድኩ።
አባዬ ተላጭቶ ኮቱን ለብሷል። ሱቁ ስንደርስ አንቺ ቅደሚ ይለኛል። አይሆንም፣ የሰጠኸው አንተ ነህ፣ አንተ ትቀድማለህ፣ እኔ ከኋላህ ነኝ አልኩት። እሺ አለ።
ታክሲው ደጅ ቆሟል። ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ዛሬ እንሄዳለን፤ ታምራት ቢያባርረንም እንሄዳለን። እኔን ሲያይ ደግሞ፣ መልካችን አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ምን ይል ይሆን? አባዬ እየጠራኝ ነው።