የሽንኩርት ማሳችንን «ጠፍ መሬት» የሚለው ሰሌዳ እንዲታረም

ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በሠርግ አዳራሻችን በር ላይ የተከለው የታሪክ ሰሌዳ እስከ ግንቦት 23 ቀን እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ቁጣዬን ከአክብሮቴ ለይቼ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ ያልተሳካልኝ ቦታ ካለ ይቅርታዎን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

1. ሰሌዳው ዘጠኝ መስመር ነው። በዘጠኝ መስመር ውስጥ አራት ስህተት አለ። ሦስቱን እተዋለሁ። የመጀመሪያው ሠርግ የተደገሰበትን ዓመት በሁለት አሳስቷል። የሽንኩርት መጋዘናችንን «ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ» ብሎታል። አዳራሹን የመሠረቱት አባቴ ናቸው ይላል፤ አባቴ ግን ያን ጊዜ ከሞቱ አሥራ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ይህን እናቴ ሲሰሙ ስቀው «ይሁንለት፣ ድንኳን መትከል ድሮም ይወድ ነበር» ብለዋል። አራተኛውን ግን አልተውም። «ስፍራው ለረጅም ዓመታት ሳይታረስ የቆየ ጠፍ መሬት ነበር» ይላል።

2. ጠፍ አልነበረም። ሽንኩርት ነበር። አባቴ ሲሞቱ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ እናቴ ያንን መሬት አሥራ ሦስት ዓመት ብቻቸውን አረሱት፤ እኔንም እህቴንም ያስተማሩት ከዚያ በወጣ ሽንኩርት ነው። በ1983 ዓ.ም. እህቴ ስታገባ ቤታችን አርባ ሰው አይይዝም፣ የተጠራው ከሦስት መቶ በላይ ነው። እናቴ ምርቱ ከተነሳ በኋላ ማሳውን በዶማ ደልድለው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ ሙሽሮቹን እዚያው አስቀመጧቸው። በሳምንቱ ጎረቤታችን መጥታ «እባክሽ ሜዳሽን ለልጄ አውሺኝ» አለች። በዓመቱ ስድስት ቤተሰብ ለመነ። አዳራሹ የመጣው እንዲህ ነው። መጋዘኑ የሙሽሮች መልበሻ ክፍል ሆነ። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ኖራ ተቀብቷል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ዛሬም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሙሽራ እያለቀሰች ስትወጣ ዘመድ ከተደናገጠ እናቴ «አይዟችሁ፣ ሽንኩርቱ ነው» ይላሉ።

3. እናቴ ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ማንበብ አይችሉም። ሰሌዳው የተተከለ ዕለት ልጄ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ጠፍ? ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስቆፍር ነበር?» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው «ማን ነው እንዲህ ያላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ቢሮው ነው፤ ምን ያውቃሉ ብለው ነው» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋናው በር አልገቡም፤ በጓሮ ዞረው ነው የሚገቡት። ልጄ ግንቦት 24 ቀን በዚሁ አዳራሽ ታገባለች። እናቴ «ስድብ ሥር አልፌ የልጅ ልጄን አልድርም» ብለዋል። የሚሉትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው።

4. ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሁለተኛው ሥልጠና ላይ። በሦስተኛው ተገኙ፤ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው፤ እንደ ወረቀት አይሰረዝም» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ሰሌዳውን የተከሉት ሠራተኞች የቆሙት እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከሚሞቁበት ወንበር ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ውሃ ለምነው ጠጥተዋል። ውሃውን የሰጧቸውን ሴት «እማማ፣ እዚህ ቀድሞ ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የሰው ዕድሜ ሙሉ ድካም በግማሽ ሰዓት በብሎን ታስሮ ተሄደ!

5. «ጠፍ» የሚለውን ከየት አገኛችሁት ብዬ አፋጠጥኩ። ባለሙያው ተነስተው ከመሬት አስተዳደር የመጣ አሮጌ ፋይል አምጥተው ፊቴ ዘረጉት። በ1985 ዓ.ም. የግንባታ ፈቃድ የጠየቅንበት ማመልከቻ ነው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ አንድ ወር ሆኖኝ ነበር። የመስኮቱ ጸሐፊ «እርሻ ነው ካልክ ፈቃድ አታገኝም፤ ጠፍ ነው በልና ነገ ጨርሰህ ሂድ» አለኝ። እኔም በሚያምር ጽሑፍ «ሳይታረስ የቆየ ጠፍ መሬት» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣ ከማሳረፋቸው በፊት «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። «ፍቀዱልን ነው የሚለው» አልኳቸው። አመኑኝ። ጥፍራቸው ውስጥ የማሳው አፈር ነበር፤ አሻራው ላይ ዛሬም መስመሩ ይታያል።

6. ከላይ የተቆጣሁትን አንዱንም አልሰርዝም። ጽሕፈት ቤትዎ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን ማንንም መጠየቅ ሳያስፈልገኝ አውቀው ነበር። ባለፈው ወር እናቴ «ማን ነው?» ሲሉኝ ደግሞ ሁለተኛ ዋሸሁ።

ስለዚህ፦

ሀ. የሰሌዳው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ «ይህ ስፍራ የሽንኩርት ማሳ ነበር፤ አንዲት እናት አሥራ ሦስት ዓመት ብቻቸውን አርሰውታል» በሚል እንዲተካ፤

ለ. ይህ አቤቱታ ከ1985ቱ ማመልከቻ ጋር በአንድ ፋይል እንዲታሰር፤ ሐሰት ለጻፈ ሰው የሚገባ ቅጣት ካለም የምጠየቀው እኔ እንጂ የተጻፈውን የማያውቁት እናቴ እንዳይሆኑ፤

ሐ. እስከ ግንቦት 23 ቀን አዲሱ ካልደረሰ አሮጌው እንዲነሳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰሌዳው የታሰረው በአራት ብሎን ነው። መፍቻው ቤት ውስጥ አለ፤ ሥልጠና አያስፈልገውም።

ሰላምታዬ ከነቁጣዬ ይድረስዎ።

ፊርማ
የሽንኩርት ገበሬዋ ልጅ

ግልባጭ፦
ለከተማው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ማሳሰቢያ፦ ከፊርማዬ ጎን ያለው አሻራ የእናቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ቁጥር አምስትንና ስድስትን ጨምሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ቁጥር አምስትን ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ «ቀለሙን አምጣ» አሉ።