ቲማቲሙን የነከርኩበት ውሃ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ዛሬ ጠዋት መጋዘኑን ስከፍት ሰኞ በበረኪና ውሃ ያጠብኩት ቲማቲም ግማሹ ሻግቶ ጠበቀኝ። ደሜ ፈላ። ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ያለችውን ይህችን ጠባብ መጋዘን ከእትዬ ዘነበች ጋር ከተከራየን ወዲህ ሰላም የለኝም። እሷ ቲማቲሟን ሳታጥብ፣ የተመታውን ሳትለይ ነው ከእኔ ሳጥን አጠገብ የምትከምረው።

በሩ ላይ ጠበቅኋት። «የእርስዎ ሻጋታ ነው የፈጀኝ! ስንቴ ይለዩት አልኩዎት?» ብዬ ጮህኩባት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ እዚህ ደብተሬ ላይ ግን «እሷ» ብላት ማንም አያየኝም።

ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ በረኪናውን ስትለኪ አይቼሻለሁ። ግን ያን ሁሉ ሳጥን በአንድ በርሜል ውሃ አይደል የነከርሽው? መጨረሻ ላይ እኮ ውሃው ጭቃ ሆኖ ነበር።»

የአትክልት ነጋዴዎች ስልጠና ላይ «ውሃው ሲደፈርስ በረኪናው አቅም ያጣል፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት» ብለውን ነበር። ሰኞ የቧንቧ ውሃ ስለጠፋ በዚያው በደፈረሰው ነከርኩት።

እውነቷን ስለሆነ ይበልጥ ጠላኋት። «ደግሞ እርስዎ ነዎት ንጽህና የሚያስተምሩኝ?» ብዬ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ፤ ጎረቤቶች ገብተው ገላገሉን። ከሰዓት የሻገተውን እየለቀምኩ ስጥል ቆማ አየችኝ። አላገዘችኝም፣ አንድ ቃልም አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ አዲስ ቲማቲም ይገባልኛል። ውሃውን በየአምስት ሳጥኑ እቀይራለሁ። እሷ ሳትመጣ ግን። እያየችኝ አልቀይርም።