ከድልድዩ ሳንቃ ለተሠራው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ምስጋና

ለተከበሩ የመንገድና ድልድይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከሁሉም በላይ እግርዎ ደህና ነው ወይ? እግርዎን ለይቼ የምጠይቀው ባለፈው ወር የወንዙን ድልድይ ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ቀኙ ሳንቃው ላይ ካረፈ በኋላ ግራው አልከተል ብሎ ሲያስቸግርዎ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ወዲያው ስልክዎን ከኪስዎ አውጥተው ጆሮዎ ላይ አደረጉ፤ ሲጠራ ግን የሰማ የለም። እያወሩ ተመለሱና የመኪናዎን በር እንደያዙ "ያን ያህል አያሰጋም" አሉን። ስላጽናኑን እናመሰግናለን።

እኔ ከድልድዩ ወዲህ የምኖር ጡረተኛ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ማንበብና መጻፍ ያስተማርኩት ራሴን በራሴ ስለሆነ ምስጋናዬ ሥርዓት ቢጎድለው ይቅር እንዲሉኝ እጠይቃለሁ።

1. ሠራተኞችዎ "አደጋ አለ፤ ተጠንቅቀው ይሻገሩ" የሚል ሰሌዳ ሊተክሉልን መጡ። እንጨት ግን ይዘው አልመጡም። ስለዚህ ከድልድዩ መሃል ሁለት ደህና ሳንቃ ነቅለው አንዱን ምሰሶ፣ አንዱን ሰሌዳ አደረጉት። ጽሑፉ ቀድሞ ትንሽ የተጋነነ ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ እውነት ሆነ። ቃሉን እንዲህ የሚያከብር መሥሪያ ቤት ማግኘት መታደል ነው።

2. በዚያው ክፍተት አጠገብ ያለው ሳንቃ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ከዳትና እስከ ጭኗ ሰጠመች፤ ክር ያለበት ቦርሳዋን ውሃ ወሰደው፣ እሷን ጎትተን አወጣናት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እርስዎም አናጺ በመላክ ፈንታ ስለ አሻጋገር የሚያስተምር ባለሙያ ላኩልን። ዕድሜያችንን ሙሉ ለተሻገርን ሰዎች "ቀስ ብላችሁ፣ ከባድ ሸክም ሳትይዙ ተሻገሩ" ብሎ አስተማረን። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው።

3. ምጥ ካነሳሁ አይቀር ልንገርዎ። ልጄ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። ጤና ጣቢያው ያለው ከማዶ ነው፤ በዋናው መንገድ ዞሮ መሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ልብስ ሰፊዋን ስናወጣ ልጄ አጠገቤ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለክትትል በሄድን ቁጥር ድልድዩ አፍ ላይ ትቆማለች፤ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን ክንዴ ላይ አድርጋ "አባዬ፣ ነገ ይሻላል" ትለኛለች፤ እንመለሳለን። ባለሙያዎ ሸክም አትያዙ ብሏል፤ የልጄ ሸክም ግን መሬት አስቀምጠው የሚሻገሩት ዓይነት አይደለም። ምጥም "ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" ቢሉት የሚጠብቅ እንግዳ አይደለም።

4. ይህንን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ፦ ጨዋነት አስተምረውናል። ድሮ በዚህ ድልድይ ላይ ሰው ይጋፋ ነበር። ዛሬ ሁሉም ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ" ይባባላል፤ የፊተኛውን የቻለ ሳንቃ የኋለኛውን አይጥልም በማለት። ያቺ ከአማቷ ጋር ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረች የሰፈራችን ምራት እንኳ በቀደም ዕለት አጎንብሳ ስታስቀድማቸው አየሁ። ምራት አማቷን እንዲህ ስታከብር በዕድሜዬ አላየሁም።

እንግዲህ የምጠይቅዎ አዲስ ድልድይ አይደለም። ሰሌዳዎን ነቅለው ሳንቃዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ፤ የበሰበሱትንም ይቀይሩ። ማስጠንቀቂያው አይቅርብን ካሉ እኔ ራሴ ቆሜ ለአላፊ አግዳሚው እናገራለሁ፤ ድምፄ ገና ደህና ነው። ይህን ሳያደርጉ ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ግን አደጋ ብዬ አልጠራውም። ሥራዎ ብዬ ነው የምጠራው።

እግርዎን ከመሰናክል፣ ወንበርዎን ከመነቃነቅ ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳዎ፣

የሰፈሩ ሰው "ግትሩ" የሚለኝ፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር አባት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ የልጄ ምጥ በመጣ ሰዓት ሰው ልኬ አስጠራዎታለሁ፤ ስልክዎን ቢሮ ትተውት ይምጡ። በዕድሜ እበልጥዎታለሁና ወጉ እኔ እንድቀድም ነበር። ነገር ግን አያሰጋም ያሉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ልጄን ደግፌ ድልድዩ አፍ ላይ እጠብቅዎታለሁ። እርስዎ ይቅደሙ።