በስሱ ያልብሱት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዘግቶታል። በድንጋይና በጭቃ ጥርቅም አርጎ ዘግቶታል። አምስት ቀን ወገቤ እስኪቆረጥ የቆፈርኩትን ቦይ ሰይድ በአንድ ማለዳ ደፈነው። ጠዋት ብሄድ ውሃው ተመልሶ ጨፌው ላይ ተኝቷል። ላሞቹ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተው ቆመዋል።

ሰይድ የታች አዋሳኜ ነው። ማሽላው ሊደርስ ነው። ውሃው ማሽላዬ ውስጥ ገባ ይላል። ይግባ። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድ፣ እኔ ምን ላርገው።

ንዴቴን የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ የለም። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመቷ። ስለዚህ እዚህ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ደብተሩን የሰጠችኝ ትዕግሥት የምትባል የግብርና ሠራተኛ ናት። የሠሩትን በየቀኑ ይጻፉ አለችኝ። እጄ ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ እስክሪብቶ አያውቅም። ፊደሉ ይጣመም። የማነበው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሁለት ከብት ሞተብኝ። አንዷን ጊደር ልትሞት ስትል አረድናት። ጉበቷ ትል ብቻ ነበር፣ እንደ ቅጠል የተለጠፈ ትል። ከረግረግ ሳር የሚመጣ ነው አሉ። ልጄ አስካል ከወልድያ መጥታ፣ አባዬ በቃህ፣ ከብቱን ሽጠህ እኔ ጋ ና አለች። እምቢ አልኩ። አለቀሰች። ሽማግሌ ሰብስባ ቃል አስገባችኝ። ጨፌውን አድርቄ ደህና ሳር እዘራበታለሁ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልበቀለ ከብቱ ይሸጣል፣ እኔም ወልድያ እገባለሁ። ቃል ነው፣ ሰጠሁ። ወልድያ ገብቼ ምን ልሆን? በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባጃጅ ልቆጥር?

ሰይድ ይህን ያውቃል። እያወቀ ነው የዘጋው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ድንጋዩን አነሳሁት። አንድ በአንድ ወደሱ ማሽላ ወረወርኩት።

መጣ። ዶማ ይዟል። እኔም ዶማ ይዣለሁ። ሃያ ዓመት ደህና አደሩ ደህና አደርክ የተባባልን ሰዎች ዶማ ይዘን ተፋጠጥን።

«አያ ደምሴ፣ አንቱ ላሞችዎን ሊያድኑ የልጆቼ ጉሮሮ ላይ ውሃ ይለቃሉ?» አለኝ።

ከአያቴ ጀምሮ ውሃ በዚህ ነው የሚወርደው አልኩት። እሱ የዝናብ ውሃ ነው፣ ዝናብ ከቆመ ሰነበተ፣ ይሄ የምንጭ ውሃ ነው፣ ወላሂ እስከ ጥር አይቆምም አለኝ። ሰደብኩት። የሰደብኩትን እዚህ አልጽፈውም። ቀበሌ እከስዎታለሁ ብሎ ሄደ። ክሰስ አልኩት።

ዞር ሲል አንድ ዘለላ ማሽላ አነሳ። ወድቆ የበሰበሰ። አላሳየኝም፣ ግን አየሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አቦ ነው፣ አፈር አልነካሁም። ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ትዕግሥት ጨፌው ዳር ቆማለች። ሰይድ ነው የጠራት፣ ሌላ ማን ይጠራታል። ቦይዎ ቦታውን ስቷል አለችኝ። መሃሉን አይቅደዱት፣ ውሃው ገና ወደ ጨፌው ሳይገባ ከኮረብታው ሥር አግድም ቆፍረው ይያዙት፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ወንዝ ይገባል፣ የሰይድም ማሽላ ይተርፋል።

ስንት ዓመትሽ ነው አልኳት። ሃያ አራት አለች። እናትሽ ሳትወለድ እዚህ ጨፌ ላይ ከብት አግጃለሁ አልኳት። እሱን አልካድኩም አባባ፣ ውሃው ግን ከላይ ነው ብላኝ ሄደች። አልተቆጣችም። ስቆጣው የማይቆጣ ሰው ያናድደኛል።

ከሄደች በኋላ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ታች በኩል ውሃው ለብ ይላል፣ ፀሐይ የመታው ነው። ወደ ላይ ሄድኩ። ኮረብታው ሥር ስደርስ እግሬን ቆረጠው። በረዶ። አሁን ከመሬት ሆድ የወጣ ውሃ። ወዲያ ወዲህ ረገጥኩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው።

ልጅቱ ልክ ናት። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ከላይ ጀመርኩ። ድንጋይ አለበት። ዶማው እሳት ይተፋል። እስከ እረፋድ አሥር እርምጃ ብቻ። የቀረው መቶ ይሆናል። ስለ ወገቤ መጻፍ አልፈልግም።

ሰይድ ከታች ቆሞ ያይ ነበር። ረጅም ጊዜ አየ። ከዛ ዶማውን ይዞ ወጣ። ልንጣላ ነው ብዬ ቀና አልኩ። ምንም ሳይለኝ ከሌላኛው ጫፍ መቆፈር ጀመረ። እኔም ዶማዬን መልሼ አነሳሁ። ለሶላት ሲሄድ ዶማውን እዛው ትቶት ሄደ። እንደሚመለስ በዛ አወቅሁ።

ይረዳኛል ማለት አይደለም። ማሽላውን እያዳነ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ተገናኘን። የኔ ቦይና የሱ ቦይ መሃል ላይ ተገናኘ። የመጨረሻዋን አፈር እኔ ልምታ አልኩ፣ መሬቱ የኔ ነው። «ይምቷት፣ ማን ከለከለዎት» አለ። መታኋት። ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀጥሎ እየጠራ ዞሮ ወንዝ ገባ። ድምፁ ደስ ይላል።

አሮጌውን ቦይ አብረን ደፈንነው። ክሱን ትተኸዋል ወይ አላልኩትም። እሱም የሰደብኩትን አላነሳም።

የቀረኝ ሥራ፦ 
ጨፌው ይንጠፍ። 
ቀጤማው ይገልበጥ። 
ላሞቹ ከዛሬ ጀምሮ አይግቡበት። 
ትዕግሥት ዘሩን ታምጣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከሐሙስ ጀምሮ ገለበጥኩት። የቀጤማ ሥር እንደ ገመድ ነው፣ ማረሻ ይይዛል። በሬዎቹ ሁለት ጊዜ ተኙብኝ። አልቅት ከእግሬ ላይ ሦስት ነቀልኩ። ላይኛው ወገን ደህና ጠንክሯል፣ ታችኛው ገና ይሰምጣል።

ዘሩ መጣ። ሮደስ ይባላል። ዘር አይመስልም፣ የፍየል ፀጉር ነው። እፍ ቢሉት ይበራል። ይሄ ነው ከብቴን የሚያድነው? ትዕግሥት ሳትወርድ ሞተር ላይ ሆና ነው ያቀበለችኝ፣ ግራና ከተማ ስብሰባ አለብኝ ብላ።

«በስሱ ያልብሱት እሺ አባባ?» አለችና ሄደች።

ማልበስ ደግሞ ታስተምረኝ ጀመር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ላይኛውን ወገን ዘራሁ። በዚህ አገር ዘር በማልበስ ማንም አይስተካከለኝም። ማሽላ ሳለብስ አንድ ፍሬ ለወፍ አልተውም። በስሱ ስላለች ማረሻውን ቀለል አርጌ ያዝኩት። ትልሙ ቀጥ ያለ፣ ሰይድ እንኳ ከታች ቆሞ እያየ ነበር።

የዘሩን ሲሶ ያህል አስቀረሁ። ታችኛው ገና ጭቃ ስለሆነ ነው። ደግሞ ልጅቱን ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። ላይኛው ሲበቅል አይቼ ታችኛውን እዘራለሁ።

ዛሬ እንጀራ ሳልበላ ልተኛ ነው፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ምን ብዬ ልጻፈው።

ትዕግሥት መጣች። ሞተሯን አቁማ ወደ እርሻው አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ምን አደረጉት?»

«አልብስ አልሽኝ፣ አለበስኩት።»

«በማረሻ?»

«በምን ይለበሳል ታዲያ፣ በነጠላ?»

ተቀመጠች። መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ልብሷ ይቆሽሻል እንኳ አላለች። ዘሩ ብናኝ ነው፣ አንድ ጣት አፈር ከተጫነው አይወጣም፣ በላዩ ቅርንጫፍ ጎትተው እንዲተዉት ነበር የፈለግሁት አለች። ቀጥላ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። የደሴ ልጅ ናት፣ የከተማ። ለሷ ማልበስ የተኛ ሕፃን ላይ ጋቢ ጣል ማድረግ ነው። ለኔ ማልበስ በሬና ማረሻ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ተካፍለን፣ መሃል ላይ ዘሩ ተቀበረ።

ጥፋቱ የኔ ነው ባትል ይሻል ነበር። ሂጂ ከመሬቴ አልኳት። ሄደች።

ጮኼባታለሁ። በጣም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ከቤት አልወጣም ብዬ ነበር። ሰይድ በሩ ላይ መጣ።

«አያ ደምሴ፣ ሳሩን ቀበሩት አሉ። ተዝካሩ መቼ ነው? ለኛ ለእስላሞቹ ለብቻ ይታረድልን።»

ዱላ አነሳሁ። አልሸሸም፣ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቆይቶ ግን ትንሽ አመለጠኝ።

አልጋ ሥር ያስቀረሁት ዘር እንዳለ ነገርኩት። ስንት ነው አለ። ለታችኛው ይበቃል አልኩት። እሱም ዘሩ እንደ ብናኝ ነው አሉኝ፣ ታዲያ እንደ ጤፍ አይደለም እንዴ አለ።  ጤፍ። ጤፍ የሚያለብስ ማን አለ? ጤፍ መሬቱ በከብት ተረግጦ ጥፍጥፍ ሲል ላዩ ላይ ይበተናል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ልጅቱ እንደ ጤፍ ዝሩት ብትለኝ ኖሮ አልቆ ነበር። እኔም እንደ ምን ልዝራው ብዬ ብጠይቅ አልቆ ነበር። አልጠየቅሁም።

ፍየሎቼን ላምጣልዎት አለ። ለመርገጥ። አምጣ አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጠዋት ለትዕግሥት ደወልኩ። ነይ አልኳት። ይቅርታ አላልኩም። ነይ ማለቴን ግን ገብቷታል መሰለኝ፣ ሌላ ቃል አልጠበቀችም።

የሰይድ ፍየሎች ሠላሳ ይሆናሉ። ታችኛውን ወገን ወዲያ ወዲህ ነዳናቸው። ጭቃው ደርቆ ቅርፊት ሆኖ ነበር፣ ደቀቀ፣ ተጠቀጠቀ፣ እንደ አውድማ ተስተካከለ። አንዷ ፍየል ቦዩን ዘላ ማሽላው ውስጥ ገባች። ሰይድ የገዛ ፍየሉን እየተሳደበ ሲሮጥ ቆሜ አየሁት። ደስ ይላል።

ዘሩን እኔ በተንኩ። ነፋስ ነበር፣ ወደ መሬት ጎንበስ ብዬ ነው የበተንኩት። ትዕግሥት የግራር ቅርንጫፍ ራሷ ጎተተች። እሾኩ ቀሚሷን ቀደደው። ይሄ ነው ማልበስ አባባ አለችኝ። አየሁት አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ምንም የለም።

በየቀኑ ጠዋት እሄዳለሁ። በጉልበቴ ተንበርክኬ አያለሁ። አፈር። ላይኛውም አፈር፣ ታችኛውም አፈር። ወፎቹን ድንጋይ ወረወርኩባቸው። ወፎቹ ምን አደረጉኝ።

አስካል ደወለች። ባሏ አይሱዙ ተነጋግሯል፣ የሚካኤል ማግስት ይመጣል። እኔ ቀድሜ የሚካኤል ዕለት ዓርብ እመጣለሁ አለች። ካልበቀለ ብለሃል አባዬ፣ በሰው ፊት ብለሃል። ያልኩትን አውቃለሁ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁባት።

የሚሸጡት፦ በሬ ሁለት። ላም ሦስት። ጥጃ አንድ። 
ስማቸውን ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ከቅዳሴ ስመለስ ነው ያየሁት። ታችኛው ወገን ላይ። ቆሜ ሳየው የለም። ጎንበስ ስል አለ። እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ።

ሰይድን ጠራሁት። አይቶ አረም ነው አለኝ። ፊቱን አየሁት፣ ሊያናድደኝ ይሁን የምሩን ይሁን አላወቅሁም። እኔም አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ ገበሬ ሆኜ ሳርና አረም መለየት አቃተኝ። ይህን ሳር አላውቀውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ትዕግሥት መጥታ አንዱን ነቀለችው። ስትነቅለው ጮህኩባት። ሥሩን አየች፣ ቅጠሉን በጥፍሯ ሰነጠቀች። ሮደስ ነው አለች። ሌላ ስትነቅል ደግሜ ጮህኩ። ሦስተኛውን ከለከልኳት።

ላይኛው ግን ባዶ ነው። ትልሙ ቀጥ ብሎ ባዶውን ተኝቷል። የኔ ትልም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አስካል ደርሳ ነበር፣ ከመርሳ ከተማ በባጃጅ። ጫማዋን ሳታወልቅ ጨፌውን አሳየኝ አለች።

መንገዱን በሙሉ የምላትን እያዘጋጀሁ ነበር። ግማሹ በቅሏል፣ ግማሽ ደግሞ መብቀል ነው፣ ሁሉም ይበቅላል አልተባለም፣ ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ። እንደማሸንፋት አውቅ ነበር።

ታችኛውን አየች። ቁጭ ብላ በእጇ ዳሰሰችው፣ አሁን የጣት ጥፍር ያህል ሆኗል። ቀና ስትል ፊቷ ደህና ነበር። ከዛ ወደ ላይኛው ሄደች። እንዳትሄድ ብዬ ወሬ ጀመርኩ፣ አልሰማችኝም። ባዶው መሃል ቆመች።

«ይሄስ አባዬ? እዚህ አልዘራህም?»

ገና ነው ልላት ነበር። ማንም አይነግራትም። አፌ ድረስ መጣ።

«ዘርቼዋለሁ» አልኳት። «በማረሻ ቀበርኩት። እንዴት እንደሚዘራ አልጠየቅሁም።»

 ሰባ ዓመቴ ነው፣ ልጄ ፊት እንዲህ ቆሜ አላውቅም። አለቀ፣ ነገ አይሱዙው ይመጣል ብዬ ነበር። ስልኳን አወጣች። ለባሏ ነው። መኪናውን ነገ እንዳትልከው አለችው። ለምን ሲላት ይመስለኛል፣ አባዬ ጥፋቴ ነው ይላል እንዴ ብለህ ትስቅ የለም፣ ዛሬ አለ አለችው። ጥፋቴ ነው አላልኩም፣ አለመጠየቄን ነው የነገርኳት። ግን አላረምኳትም።

ላይኛውን በበልግ እንደገና ትዘራዋለህ አለችኝ። ልዝራ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ ራሷ ናት ያለችው።

እኔ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። እግሯን ልትታጠብ ገብታለች፣ ውሃው ቀዘቀዘ እያለች ታማርራለች።

በልጉ ከመጣ ነው እንግዲህ። አምና አልመጣም።