«ያዝኩ» ሳይባል የማይለቀቅ መስታወት

ይህን የሚጽፈው የጎረቤቴ፣ የልብስ ሰፊዋ፣ እጅ ነው፤ አፉ ግን የእኔ ነውና ስድቡን ከእሷ አትቁጠረው።

ታናሽ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለው? ጫማህን ራስህ ታስራለህ ወይስ ሚስትህን ታስጎነብሳለህ? እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጥርሴ ቢያልቅም ክንዴ አላለቀም።

አንተ ወገብህን ይዘህ ወደ ቤተሰብህ ከሄድክ ወዲህ መስታወት መጋዘኑ ውስጥ በቦታህ ሮቦት አቁመውልኛል። ባለሁለት ክንድ ነው። ጉልበቱን አልክድም፣ ከአንተ ይሻላል። ሳል የለው፣ ሐሜት የለው፣ ምሳ የለው። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እበላለሁ።

ሥርዓታችንን ታውቃለህ፤ ተቀባይ «ያዝኩ» ሳይል ሰጪ አይለቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መስታወት አልጣልንም። ይሄ ግን ሲይዝ ደረቱ ላይ አረንጓዴ መብራት ያበራል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ባለፈው ሰኞ ትልቁን መስታወት አቀበልኩት። አበራ። እኔ ቃሉን እጠብቃለሁ፣ እሱ መልቀቄን ይጠብቃል። ክንዴ ዝሎ ላላ ስል የለቀቅኩ መሰለውና ሳብ አደረገው፤ እኔም መልሼ ጨበጥኩ። መሃላችን እንክትክት አለ። አለቃው «አባባ፣ መብራቱን አላዩም?» ቢለኝ፣ «እኔ ሰምቼ እንጂ አይቼ ለቅቄ አላውቅም» አልኩት። ሌላ አንድ ከተሰበረ በር ጠባቂ ሊያደርገኝ ነው። እኔን! ወንበር ላይ!

ሮቦቱን የምታስተካክለው መሐንዲስ ደህና ልጅ ናት። ሲይዝ እንዲናገር ብላ የእኔኑ ድምፅ ቀድታ ጨመረችበት። ሦስት ቀን «ያዝኩ» እያልኩ ለራሴ መለስኩ። ክፍሌ ስገባም ከራሴ ሌላ የሚያወራኝ የለ፤ እዚያም እኔ፣ እዚህም እኔ? አጥፊው አልኳት።

ስለዚህ በልጅህ ስልክ «ያዝኩ» ብለህ ድምፅህን ቀድተህ ላክልኝ። እንደ ድሮው እያቃሰትክ በላት፣ እንዳታሳምራት። ሌላ እንዳይመስልህ፣ ለሥራ ነው።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ትልቋን ልጅህን፣ በስሜ የተጠራውንም ትንሹን ሳምልኝ። አማትህንም፣ ባትወደኝም፣ እንዴት ነሽ በልልኝ።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከዚያችው ክፍላችን፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው።
ጥቅምት 9 ቀን

በይ አሁን አንብቢልኝ። «ናፈቀኝ» የሚል ከራስሽ ጨምረሽ እንደሆነ ሰርዢው፤ ከአፌ አልወጣም።