ተተኪ ሳይገኝ አይለቀቅም

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

አምስተኛ ክ/ጊዜ፣ 7ኛ ለ። ቆርቆሮው ይፋጃል። የዛሬው የእንግሊዝኛ ቃል «ፍሪ» ነው፣ ከነዘመዶቹ። ሪሊስ፣ ሌት ጎ፣ ሴት ፍሪ፣ ዲስቻርጅ፣ ሊበሬት። ሁሉም መልቀቅ ነው፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው አልኳቸው። እስረኛ ሲሆን ሪሊስ። በሽተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ዲስቻርጅ። የያዙትን እጅ ሲለቁ ሌት ጎ። የታሰረ እንስሳ ሲፈቱ ሴት ፍሪ። ሊበሬት የአገር ነው፣ እሱን ከሬዲዮ ስሙ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ መምህር ሲዛወርስ የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሪሊስ አልኩት፣ ማህተም ስላለው። ልጁ ምን አጠፋ? ቀኑን ሙሉ ጠላሁት።

ከሰዓት ር/መምህሩ ጋ። የዝውውር ጥያቄዬ መልሱ ያው ነው። ክልሉ አዲስ ነው፣ መምህር የለም፣ ተተኪ ሳይገኝ አይለቀቅም። ተተኪውን ራስሽ ካመጣሽ ግን ማን ይይዝሻል አለኝ።

ስድስት ዓመት አሶሳ። በዕጣ መጣሁ፣ በዕጣም አልወጣ። ልጄ ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ናት። አራት ዓመቷ። አባቷን አትጠይቀኝ። ክረምት ስሄድ ከእናቴ ጀርባ ተሸሽጋ፣ እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው አለች። ይህን ለሰው አልተናገርኩም፣ ደብተሬ። ላንተ ብቻ።

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ተተኪዬ ተገኘች። ሐዋ ትባላለች። የበርታ ልጅ ናት፣ 12ኛን ጨርሳለች። ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ ነው የምትመጣው። ዘንድሮ በጊዜያዊነት ተቀጥራ ቤተ መጻሕፍት አቧራ ታራግፋለች። ት/ቢሮም የክልሉ ልጆች መምህር ይሁኑ እያለ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ኮሚቴ ፊት አንድ ክ/ጊዜ አስተምራ ካለፈች እሷ በቋሚነት ትቀጠራለች፣ እኔ እለቀቃለሁ። ስምንት ቀን አለን።

ያንኑ የመልቀቅ ትምህርት ሰጠኋት። ምሳሌ አምጪ ስላት «እኔ ፍየል ዲስቻርጅ አደረገ» አለች። ፍየሏ ስንት ቀን ተኝታ ታክማ ነው አልኳት፣ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት። ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፣ ያናደደኝ ይኸው ነው። ሰሌዳው እስኪሞላ አስጻፍኳት። አጥፍታ ደግሞ እንድትጽፍ አደረግኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት። አልተጸጸትኩማ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ሐዋ ዛሬ አወራችኝ። ታላቅ እህቷ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያመጧት መንገድ ላይ ሞታለች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ነርስ መሆን ብቻ ነው። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ካለ ማሰልጠኛ አመልክታ መልስ ትጠብቃለች። መምህርነቱስ አልኳት። ካልጠሩኝ አስተምራለሁ፣ ከጠሩኝ ግን እሄዳለሁ፣ ኢንሻላህ አለች። ምንም ሳትደብቅ፣ ፊት ለፊት። እንዲህ ያለ ሰው ያስጠላኛል፤ ለመዋሸት እንኳ ዕድል አይሰጥም።

እንዳይጠሯት ጸለይኩ። እመቤቴ ፊት ቆሜ፣ ሻማ አብርቼ።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ጫልቱ ጠራችኝ። የወለጋ ሰው ናት፣ ጸሎተኛ፣ ሰው ይዋሻል ብላ አታስብም። ለሐዋ ደብዳቤ መጥቷል፣ አብራችሁ ስለምትውሉ ስጪያት አለች። መዝገቡ ላይ ፈርሜ ተቀበልኩ።

ሽንት ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ተቀብለዋታል። እስከ ኅዳር 6 ቀርባ ካልተመዘገበች ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል።

ምሳ ሰዓት ሐዋ እናቷ የላከችልኝን ገንፎ ከባሚያ ጋር ይዛ መጣች። በላሁ። ጣፈጠኝም። ደብዳቤው ጉልበቴ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ እሰጣታለሁ። ሦስት ቀን ምን አላት።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ከት/ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ፣ ከር/መምህሩ ጋር ኋላ ተቀመጡ። ሐዋ እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዛ ገባች። ዶሮ! እኔን አላማከረችም። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ገመዱን ፈታችና «ሴት ፍሪ» አለች። ዶሮዋ በመስኮት ወጣች። ክፍሉ ተናጋ። ቀጥላ ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ አያያዘች፣ «ሌት ጎ»። አንዱን ጥግ ላይ አሰረችውና ሌላው ወረቀት አምጥቶ አስወጣው፣ «ሪሊስ»። አንዷን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ግንባሯን ዳሰሰች፣ ድነሻል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ «ዲስቻርጅ»። ከኋላ ወንበር ያሉት፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ የሚተኙት፣ ቆመው ይጮኻሉ። ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ር/መምህሩ ጠጋ ብሎ ደህና አድርገሽ አሠልጥነሻታል አለኝ። አመሰገንኩት። ቀናሁ። ሐዋ ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ሳመች። ሁለተኛ ሳትነግሪኝ እንዲህ እንዳታደርጊ አልኳት። ፊቷ ጠወለገ። ትንሽ ቀለለኝ።

ደብዳቤውን አልሰጠኋትም። ውጤቱ ይታወቅ።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

አለፈች። መልቀቂያዬ ተፈረመ። በሁለት እጄ ይዤ አነበብኩት። ከታች በእስክሪብቶ የተጨመረች መስመር አለች፦ ተተኪዋ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ ከለቀቀች ይህ ደብዳቤ ይሰረዛል።

ይሰረዛል።

ስለዚህ የማሰልጠኛውን ደብዳቤ አሁን ብሰጣት ነገውኑ ትሄዳለች፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ። የሚቀጥለው ተተኪ መቼ ይገኛል? ልጄ ስንት ዓመት ሲሆናት? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። እሷ ልጅ ናት፣ ለከርሞም ታመለክታለች። መምህርነትም እንጀራ ነው። ዶሮ ይዞ መግባት ለሚያውቅ ደግሞ ከነርስነት ይሻላል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አመሸሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጥቅምት 26፣ ዓርብ

ክሊራንስ ሳዞር ዋልኩ። ንብረት ክፍል ፈረመ። ቤተ መጻሕፍት ፈረመ። መዝገብ ቤት ስደርስ ወ/ሮ ጫልቱ መዝገቧን ገለበጠች። በስሜ የወጣ ፋይል እንዳለ ልታይ ነው፣ ደንብ ነው። ጣቷ የሐዋ ደብዳቤ ላይ ቆመ። ደረሳት አይደል አለችኝ።

በእጄ ሰጥቻታለሁ አልኩ። ዓይኗን እያየሁ። ጌታ ይባርክሽ ብላ ፈረመች።

እንዲህ ቀላል ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲዋሹ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እጄን እንኳ አላላበኝም።

ጥቅምት 30፣ ማክሰኞ

ዕቃ እየሰበሰብኩ ሐዋ ቤቴ መጣች። ከማሰልጠኛው መልስ ስለቀረ ጭንቅ ብሏታል። ምናልባት ማመልከቻዋ ጠፍቶ ይሆናል፣ ምናልባት የእሷ አማርኛ አልገባቸው ይሆናል። ቲቸር በጥሩ አማርኛ ይጻፍልኝ፣ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ይክተትልኝ አለች። ከዚያ ቶሎ ይደርሳል የሚል ሐሳብ አላት። በአማርኛዋ ሁላችንም ወንድ ነን።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ምክንያት አጣሁ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እሷ በአጠገቤ ቆማ፣ የእህቷንም ነገር አስገባልኝ አለች። አስገባሁ። ስጽፍ ዕንባዬ መጣ። አንድ ቦታ ቀለሙ ፈሰሰና ገልብጬ እንደገና ጻፍኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከጻፍኩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ስሟን ፈረመች፣ ቀስ ብላ፣ ምላሷን ነክሳ።

ከጎኔ ባለው ቦርሳ ውስጥ ላለ ደብዳቤ ማመልከቻ ጻፍኩ። እብድ አይሉኝም፣ እብድ ብሆን ይሻል ነበር።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ትኬት ቆርጫለሁ፣ ነገ ንጋት ላይ። ሐዋ የምትፈልገው ማሰልጠኛ በዚሁ አውቶቡስ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ብነግራት ነገ ከእኔ ጋር ተሳፍራ ሰኞ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ፣ ትመዘገባለች። እኔ ግን ወሩ ሳያልቅ ተጠርቼ እመለሳለሁ። ሁለት ጊዜ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ሄጄ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ገባሁ። ጠመኔ ለቅማ በቆርቆሮ ታስቀምጣለች። የሰሌዳ መጥረጊያዬን ሰጠኋትና ወጣሁ።

ኅዳር 3፣ ዓርብ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ባምባሲ። አውቶቡሱ ቆሟል፣ ረዳቱ ጎማ ይደበድባል። ወደ አሶሳ የሚመለስ ሚኒባስ ፊት ለፊቴ ሰው ይጠራል። አንድ ወንበር ቀርቶታል።

ንጋት ላይ ሐዋ ቤቴ ድረስ መጥታ ቦርሳዬን ተሸከመች። እምቢ ብላት አልሰማ አለች። በጨለማ እስከ መናኸሪያ በጭንቅላቷ ይዛው መጣች፣ ሁለቱንም ደብዳቤዎች ከነቦርሳው። ስሳፈር በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ ቆየች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ትንሽ አብራ ሄደች።

«ቲቸር፣ ልጅህ ጋ በሰላም ግባ» አለችኝ። «ሰው ስለ ሰው ይለፋል፣ ወላሂ እኔ አልረሳም።»

ሚኒባሱ ሞላ። ሄደ።

ማመልከቻዋን ፖስታ ቤት አልከተውም። ወስኛለሁ። ብከተው መልስ ይጽፉላታል፦ ጠርተንሽ ነበር።